ኮድ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ስለ ማርሽ ቦታ ሴንሰር ብልሽት አመረማመር የቀረበ ሂስ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲታይ የጋራዥ እንጂ የጥናት መጽሔት ጉዳይ አይመስልም። ይኸውም አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው መኪናዎች ላይ «የማርሽ ቦታ ሴንሰር ተበላሽቷል» ሲባል ፍርዱ የሚሰጠው በምን ዓይነት መንገድ ነው፥ መንገዱስ ምን ያህል የታመነ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ስናቀርብ አሳባችን ስለ አንድ ዕቃ ብቻ ለመናገር አይደለም። የምርመራ ሥራ ሁሉ፥ የሐኪምም ይሁን የመሐንዲስ፥ ከምልክት ተነሥቶ ወደ ምክንያት መድረስ ነው፤ በዚህ ትንሽ ዕቃ ላይ ደግሞ ምልክትን ከምክንያት ጋር ማደባለቅ ምን ያህል እንደሚያሳስትና እንደሚያስጎዳ በግልጽ ይታያል። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህም ሥራ የሚስማማ ነው።

በየጋራዡ የሚሠራባቸው መንገዶች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው ኮዱን አንብቦ ወዲያው ሴንሰሩን መለወጥ ነው። ሁለተኛው ሴንሰሩን ትቶ ሽቦዎቹን በቀጥታ ማገናኘት ነው። ሦስተኛው የፋብሪካውን የጥገና መጽሐፍ ደረጃ በደረጃ መከተል ነው። ሦስቱንም በየተራ እንመዝናለን። አስቀድመን ግን ዕቃው ምን እንደሆነና ኮዱም በእርግጥ ምን እንደሚል ማስረዳት ይገባናል።

ዕቃውና ሥራው

የማርሽ ቦታ ሴንሰር በብዙ መኪናዎች ላይ ከካምቢዮው ጎን ብቅ በሚለው የመምረጫ ዘንግ ላይ የሚታሰር ነው። ሹፌሩ እጀታውን ሲያንቀሳቅስ እጀታው ኬብል ይስባል ወይም ይገፋል፤ ኬብሉ በካምቢዮው ላይ ያለውን ክንድ ያዞራል፤ ክንዱም ዘንጉን ያዞራል። ዘንጉ በዚያን ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል። በካምቢዮው ውስጥ የዘይቱን መንገድ ይከፍታል፥ ይዘጋል፤ በውጭ በኩል ደግሞ የሴንሰሩን መገናኛዎች ያገናኛል፥ ይለያያል። በአንዳንድ መኪናዎች ሴንሰሩ የሚቀመጠው በካምቢዮው ውስጥ ነው፤ የሥራው መሠረት ግን ያው ነው።

ከዚህ ዕቃ የሚጠበቁት አገልግሎቶች አራት ናቸው። መጀመሪያ፥ ሞተሪኖው የሚሠራው እጀታው በ«ፒ» (በማቆሚያ) ወይም በ«ኤን» (በዜሮ ማርሽ) ላይ ሲሆን ብቻ እንዲሆን ያደርጋል። ሁለተኛ፥ በ«አር» ላይ የኋላ ማርሽ መብራቱን ያበራል። ሦስተኛ፥ ሹፌሩ የመረጠውን ማርሽ በዳሽቦርዱ ላይ ያሳያል። አራተኛ፥ የካምቢዮው ኮምፒዩተር የዘይቱን ግፊትና የማርሹን ለውጥ የሚያዝበትን መነሻ ይሰጠዋል። ስለዚህ ሴንሰሩ ሲታወክ የሚታየው ምልክት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ መኪና በ«ፒ» አልነሣም ብሎ በ«ኤን» ይነሣል፤ ሌላው የኋላ መብራቱን ያጣል፤ ሌላውም በአንድ ማርሽ ብቻ እየጎተተ የሚሄድበትን የመከላከያ አሠራር ይይዛል።

አሠራሩም እንደ ፋብሪካው ይለያያል። በብዙ የቶዮታ መኪናዎች ለእያንዳንዱ ቦታ የተለየ ሽቦ አለ። በቀድሞ የፎርድ ካምቢዮዎች ሴንሰሩ በየቦታው የተለያየ ሬዚስታንስ ስለሚሰጥ ኮምፒዩተሩ ቦታውን የሚያውቀው ከቮልቱ መጠን ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ በአራት ሽቦዎች፥ ማለት በ«ኤ»፥ በ«ቢ»፥ በ«ሲ» እና በ«ፒ»፥ መከፈትና መዘጋት ቦታውን የሚገልጽ አሠራር ተጠቅሟል፤ የአራተኛው ሽቦ ጥቅም ከሌሎቹ አንዱ ሲሳሳት ስሕተቱን ማጋለጥ ነው። እንግዲህ «የማርሽ ቦታ ሴንሰር» የሚለው ስም አንድ ቢሆንም አመረማመሩ አንድ ሊሆን እንደማይችል ከዚሁ መረዳት ይቻላል።

ኮዱ የሚለውና የማይለው

እ.ኤ.አ. ከ1996 ዓ.ም. ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ አውቶሞቢሎች ሁሉ አንድ ወጥ የሆነ የብልሽት ኮድ እንዲይዙ ታዟል። በዚህ ሥርዓት ለማርሽ ቦታ ሴንሰር ከፒ 0705 እስከ ፒ 0709 ያሉት ኮዶች ተመድበዋል። ፒ 0705 የመስመሩን መታወክ፥ ፒ 0706 የአሠራሩን ከልክ መውጣት፥ ፒ 0707 የምልክቱን ማነስ፥ ፒ 0708 የምልክቱን መብዛት፥ ፒ 0709 ደግሞ ብልሽቱ መጣ ሄደት የሚል መሆኑን ያመለክታሉ።

አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ፒ 0705 «የሴንሰሩ መስመር» ይላል እንጂ «ሴንሰሩ» አይልም። መስመር ማለት ከባትሪው ጀምሮ ፊውዙን፥ ሽቦውን፥ ሶኬቱን፥ ሴንሰሩን፥ የማሳውን ሽቦና የኮምፒዩተሩን መግቢያ ሁሉ የሚይዝ ነው። በአነጋገር ልማድ ግን «መስመር» የሚለው ቃል ይዋጥና «ሴንሰር» የሚለው ብቻ ይቀራል። አንድ ቃል በመውደቁ ብቻ ተጠርጣሪዎቹ ሁሉ ነፃ ሲወጡ አንዱ ይፈረድበታል።

ከዚህም በላይ ኮዱ የሚመዘገበው ኮምፒዩተሩ የማይቻል ነገር ሲያይ ብቻ ነው። ለምሳሌ በአንዳንድ የቶዮታ ሞዴሎች ኮምፒዩተሩ ፒ 0705ን የሚመዘግበው የሁለት ቦታዎች ምልክት በአንድ ጊዜ ሲደርሰው ነው፤ መኪና በአንድ ጊዜ በ«አር» እና በ«ዲ» ሊሆን አይችልምና። ነገር ግን የሚቻል የሚመስል ውሸት ቢነገረው ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ የኮድ አለመኖር የደኅንነት ማስረጃ አይደለም፤ የኮድ መኖርም የሴንሰሩ ጥፋት ማስረጃ አይሆንም። ኮድ ያየውን የሚናገር ምስክር ነው፤ ፍርዱ ግን የመርማሪው ነው።

የአንደኛው መንገድ ሂስ፤ አንብቦ መለወጥ

ይህን መንገድ የሚከተሉት ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል የሚባል አይደለም። ሴንሰሩ በእርግጥ የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ የመዳብ መገናኛዎቹ ይፋቃሉ፥ ጭቃና ውኃ ይገባበታል፥ ከካምቢዮው የሚወጣው ሙቀት ፕላስቲኩን ያደርቀዋል። ከተለወጠም በኋላ ብዙ ጊዜ ኮዱ ይጠፋል። «ከሠራ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» ይሉናል።

እኛ የምንፈልገው ለምን እንደ ሠራ ማወቅ ነው። ሴንሰር የሚለውጥ ሰው ዕቃውን ብቻ አይለውጥም። ሶኬቱን ነቅሎ እንደገና ይሰካል፤ በዚህም የዛገው የሶኬት ጥርስ ይፋቅና ለጥቂት ጊዜ ያገናኛል። የሴንሰሩን ብሎኖች ፈትቶ እንደገና ሲያስር አቀማመጡን ያስተካክላል። ባትሪውን ፈትቶ ሲያስርም የላላውን መያዣ ያጠብቃል። ከነዚህ ከአራቱ ነገሮች የትኛው እንደ ፈወሰው ሳይታወቅ ምስጋናው ለአዲሱ ዕቃ ይሰጣል። ከወር በኋላ ያው ኮድ ሲመለስ ደግሞ «አዲሱ ዕቃ ፎርጅድ ነው» ይባላል። ብዙ ምክንያት በአንድ ጊዜ ለውጦ አንዱን አመስግኖ መሄድ በቤተ ሙከራ ውስጥ ቢሠራ ኖሮ መምህራኖቻችን ውጤቱን አይቀበሉትም ነበር። በጋራዥ ውስጥም ልንቀበለው የሚገባበት ምክንያት አይታየንም።

ሌላው የዚህ መንገድ ጉድለት የሌላውን ዕቃ ጥፋት በሴንሰሩ ላይ መጫኑ ነው። እጀታው ከ«ፒ» አልወጣ ብሎ ቢጣበቅ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት የፍሬን መብራት ማብሪያው ነው፤ ብዙ መኪናዎች ፍሬን መረገጡን ሳያውቁ እጀታውን አይለቁምና። ሞተሪኖው በ«ፒ»ም በ«ኤን»ም እኩል ዝም ካለ፥ የኋላ ማርሽ መብራትና የዳሽቦርዱ ምልክት ግን ደኅና ከሆኑ፥ ሪሌውንና የሞተሪኖውን ሽቦ መመርመር ይቀድማል። የደከመ ባትሪም ኮምፒዩተሩን ያሳስታል፤ ሙሉ የሆነ ባትሪ ሳይሠራ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ባትሪ ግን ማናቸውም ኮድ ከመታመኑ በፊት መታየት አለበት።

የሁለተኛው መንገድ ሂስ፤ ሽቦን በቀጥታ ማገናኘት

መኪናው በ«ፒ» አልነሣ ሲል የሞተሪኖውን ትእዛዝ የሚያሳልፉትን ሁለት ሽቦዎች ከሴንሰሩ አውጥቶ በቀጥታ ማገናኘት የተለመደ ነው። መኪናው ወዲያው ይነሣል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይሄዳል። በዚህ መንገድ ላይ የምናቀርበው ሂስ አጭር ነው፤ ነገሩ ጥገና አይደለምና።

ሴንሰሩ ሞተሪኖውን የሚከለክለው ለክፋት አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው 102ኛው የተሽከርካሪ ደኅንነት ደንብ፥ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና እጀታው በወደ ፊት ወይም በወደ ኋላ ማርሽ ላይ ሳለ ሞተሪኖው እንዳይሠራ ያዛል። ሽቦው በቀጥታ የተገናኘ መኪና በ«ዲ» ወይም በ«አር» ላይ ሳለ ቁልፉ ቢዞር ሞተሩ እንደ ተነሣ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ከፊቱ ግድግዳ ካለ ግድግዳውን፥ ኮፈኑን ከፍቶ የሚሠራ መካኒክ ካለ መካኒኩን፥ በግቢ ውስጥ የሚጫወት ሕፃን ካለ ሕፃኑን ያገኘዋል። ይህን የሠራ ሰው ለባለቤቱ ቢነግር እንኳ ባለቤቱ መኪናውን ሲሸጥ ለገዢው አይነግርም። ገዢውም በየትኛው ጧት እንደሚቀጣ ሳያውቅ ይነዳል። መኪናውን እስከ ጋራዥ ለማድረስ ሌላ ዘዴ ሲጠፋ እንኳ በ«ኤን» መሞከር፥ ያም ካልሆነ ማስጎተት ይሻላል እንላለን።

የሦስተኛው መንገድ ሂስ፤ የፋብሪካው መጽሐፍ

ከሦስቱ መንገዶች የሚሻለው ይህ መሆኑን ከመጀመሪያው እንመሰክራለን። የጥገናው መጽሐፍ ሶኬቱን ነቅሎ በየቦታው የትኛው ጥርስ ከየትኛው ጋር መገናኘት እንዳለበት በሠንጠረዥ ያሳያል። በቶዮታ መጻሕፍት እንደ ተለመደው የተዘጋ መገናኛ ከ1 ኦም በታች፥ የተከፈተ መገናኛ 10 ኪሎ ኦም ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ይህ በልክ የተነገረ፥ ማንም ሰው በቴስተር ሊያረጋግጠው የሚችል ቃል ነው። ሆኖም ሦስት ነቀፌታዎች አሉን።

የመጀመሪያው፥ መጽሐፉ ብልሽቱ በምርመራው ሰዓት አብሮ እንዳለ አድርጎ መናገሩ ነው። መጣ ሄደት የሚል ብልሽት ግን መኪናው ቀዝቅዞ በጋራዥ ውስጥ ሲቆም ይጠፋል። እያንዳንዱ ሣጥን «ደኅና ነው» እያለ ወደሚቀጥለው ሣጥን ይመራና በመጨረሻ «ኮምፒዩተሩን ለውጥ» የሚል ትእዛዝ ላይ ያደርሳል። ምንም ጥፋት ስላልተገኘ ብቻ ውድ የሆነውን ዕቃ መወንጀል ለምክንያታዊ አሠራር የሚስማማ አይደለም።

ሁለተኛው፥ በኦም የሚደረገው ልኬት ወሰን እንዳለው በቂ ማስጠንቀቂያ አለመስጠቱ ነው። አሥር ክር ካለው ሽቦ ዘጠኙ ተበጥሶ አንዱ ቢቀር ቴስተሩ «ደኅና ነው» ይላል፤ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነውና። በብዙ መኪናዎች የሞተሪኖው ሪሌ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ በሴንሰሩ ውስጥ ስለሚያልፍ በዚያ መስመር ላይ በሥራ ሰዓት የሚጠፋውን ቮልት መለካት ይሻላል። የማሳው ሽቦም እንዲሁ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚጠፋው ቮልት ከ0.1 ባይበልጥ መልካም ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ነቀፌታችን ግን መጽሐፉ ነገሩን በሁለት ምዕራፍ መክፈሉ ነው። ሽቦና ኮድ በኤሌክትሪክ ምዕራፍ፥ እጀታና ኬብል ደግሞ ብዙ ጊዜ በካምቢዮ ምዕራፍ ይገኛሉ። ኮዱን ይዞ የገባ ሰው የኤሌክትሪኩን መንገድ ብቻ ይከተላል። እዚህ ላይ ትልቁ አደጋ ይመጣል።

ሦስት ቦታዎች አሉ እንጂ አንድ አይደለም

አንድ ሰው «መኪናው በ‹ፒ› ላይ ነው» ሲል በእርግጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊናገር ይችላል። አንደኛው የሹፌሩ እጅ እጀታውን ያኖረበት ቦታ ነው። ሁለተኛው በካምቢዮው ላይ ዘንጉ በእርግጥ የቆመበት ቦታ ነው። ሦስተኛው ኮምፒዩተሩ የተነገረው ቦታ ነው። በጤነኛ መኪና ሦስቱ ይስማማሉ፤ በታመመ መኪና ግን ይለያያሉ። የመርማሪው ሥራ የትኞቹ ሁለቱ እንደሚስማሙና የትኛው እንደ ከዳ ማወቅ ነው።

እጀታውና ዘንጉ ተስማምተው ኮምፒዩተሩ ሌላ ነገር ከሰማ ጥፋቱ በሴንሰሩ፥ በአቀማመጡ ወይም በመስመሩ ላይ ነው። ዘንጉና ኮምፒዩተሩ ተስማምተው እጀታው ለብቻው ሌላ ቦታ ካሳየ ግን ሴንሰሩ እውነተኛ ነው፤ ውሸታሙ እጀታው ወይም ኬብሉ ነው። በኬብሉ ጫፍ ያለው የፕላስቲክ ማቀፊያ ሲሰባበር እጀታው እስከ መጨረሻው ይሄዳል፥ ዘንጉ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። በዚህ ጊዜ መኪናው «በ‹ፒ› አልነሣም» ቢል ትክክለኛ ማስጠንቀቂያ እየሰጠ ነው።

እንግዲህ ይህን ያልመረመረ ሰው ምን ያደርጋል? ሴንሰሩን ከእጀታው ጋር እስኪስማማ ድረስ ያዞረዋል። መኪናው ይነሣል፥ ዳሽቦርዱም «ፒ» ብሎ ያሳያል፤ የማቆሚያው ጥርስ ግን በካምቢዮው ውስጥ አልያዘም። እውነት የሚናገረውን ምስክር አስገድዶ ሐሰት ማስመስከር ማለት ይህ ነው። በዳገት ላይ የእጅ ፍሬን ሳይሳብ የቆመ እንዲህ ያለ መኪና ተንሸራቶ ሊሄድ ይችላል።

ይህ በአሳብ ብቻ የተፈጠረ ፍርሃት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. ፎርድ በአሜሪካ ወደ 2.9 ሚሊዮን የሚሆኑ መኪናዎችን ለጥገና የጠራው የማርሽ ኬብሉ ማቀፊያ እየተበላሸ ከቦታው ስለሚወጣ ነበር። የተሰጠው ምክንያት ሹፌሩ እጀታውን በ«ፒ» አድርጎ ቁልፉን ቢያወጣም ካምቢዮው በ«ፒ» ላይሆን ይችላል የሚል ነው። የዚያ ሁሉ አደጋ ምንጭ አንድ ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት ነበረች። የኮድ ማንበቢያ መሣሪያ ቀለበቷን ሊያያት አይችልም፤ ዝቅ ብሎ የሚመለከት ዓይን ግን ያያታል።

የሚቀርብ ተቃውሞና መልሱ

«የምትሉት ሁሉ ጊዜ ይፈጃል፤ ባለመኪናው ይቸኩላል፥ መካኒኩም የሚከፈለው ለለወጠው ዕቃ እንጂ ላሰበበት ሰዓት አይደለም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የገንዘቡ ነገር እውነት መሆኑን እንቀበላለን፤ ማሰብ ዋጋ የማይወጣለት በሆነበት ቦታ ሁሉ ዕቃ መለወጥ ይበዛል። ነገር ግን ከዚህ በታች የምናቀርበው ቅደም ተከተል መጀመሪያው ዓይንና እጅ እንጂ ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ሴንሰሩን ፈትቶ አዲስ ከመግጠምም ይቀላል። በአገራችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በመንገድ ላይ ያሉት አሮጌ መኪናዎች ተጠግነው እንዲቆዩ ግድ ነው። ከአሮጌ መኪና የተፈታ ሴንሰር ገዝቶ መግጠም ምናልባት ሌላውን በሽታ ገዝቶ ማምጣት ይሆናል። ስለዚህ በትክክል መመርመር ቅንጦት ሳይሆን ቁጠባ ነው።

ሊያዝ ይገባል የምንለው ቅደም ተከተል

መጀመሪያ ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት አግዶ የእጅ ፍሬኑን መሳብ፤ ቀጥሎ የባትሪውን ቮልትና የመያዣዎቹን መጥበቅ ማየት። ሁለተኛ፥ ኮዱንና አብሮ የተመዘገበውን ሁኔታ፥ ማለት ፍጥነቱንና የሞተሩን ዙር፥ ጽፎ ማኖር፤ ሳይጻፍ ማጥፋት ማስረጃን ማቃጠል ነውና። ሦስተኛ፥ አንድ ሰው እጀታውን ከቦታ ወደ ቦታ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በካምቢዮው ላይ ያለው ክንድ በእርግጥ በየቦታው መድረሱን በዓይኑ ማየት። አራተኛ፥ ቁልፉን ከፍቶ ሞተሩን ሳያስነሡ በመሣሪያው ላይ ኮምፒዩተሩ የሚሰማውን ቦታ ከእጀታው ጋር ማነጻጸር፤ በዚያው ጊዜ ሽቦውንና ሶኬቱን በእጅ እየነቀነቁ ምልክቱ መዝለል አለመዝለሉን መመልከት። አምስተኛ፥ ሶኬቱን ነቅሎ ዝገትና ውኃ ወይም የካምቢዮ ዘይት መግባቱን ማየት። ስድስተኛ፥ በመጽሐፉ ሠንጠረዥ መሠረት መለካት። ሰባተኛ፥ አቀማመጡን በ«ኤን» ላይ ከተሠራው ምልክት ጋር ማስተካከል፤ ይህም ኬብሉ ደኅና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው። ሴንሰሩን መለወጥ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በመጨረሻም መኪናው በ«ፒ» እና በ«ኤን» የሚነሣ፥ በሌሎቹ ቦታዎች ግን ፍሬን ተረግጦ ሲሞከር የማይነሣ መሆኑን ሳያረጋግጡ ማስረከብ አይገባም።

መደምደሚያ

ለመምህራኖቻችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። የአውቶሞቢል ትምህርት ኮዶችን በቃል ማስጠናት ከሆነ ተማሪው መሣሪያው የሚያደርገውን በዝግታ የሚደግም ሰው ከመሆን አያልፍም። ይልቁንስ በቤተ ሙከራ ውስጥ ሦስት መኪናዎች ቢዘጋጁ፥ በአንደኛው ሴንሰሩ፥ በሁለተኛው ሶኬቱ፥ በሦስተኛው ኬብሉ ሆን ተብሎ ቢታወክ፥ ተማሪውም ፍርዱን ብቻ ሳይሆን ማስረጃውን ጽፎ እንዲያቀርብ ቢጠየቅ፥ በአንድ ቀን የሚማረው በብዙ ገጽ ከሚያነበው ይበልጣል። ሦስቱ መኪናዎች በሹፌሩ ዘንድ አንድ ዓይነት ቅሬታ ሊያስነሡ ይችላሉና፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ኮድ ሲያወጡ ሦስተኛው ዝም ሊል ይችላል።

መሣሪያው እያደገ ሄዶ ነገ ከዛሬው የበለጠ ብዙ ይነግረን ይሆናል። የተነገረንን ሰምቶ የትኛው ቦታ ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ የሚያመዛዝነው አእምሮ ግን ከሰው ሌላ ቦታ አይገኝም። የማርሽ ቦታ ሴንሰርን መመርመር የሚያስተምረንም ይህንኑ ነው፤ ምስክሩን እንስማ፥ ሌሎቹንም ምስክሮች እንጥራ፥ ከዚያ በኋላ እንፍረድ።